ሦስት ሰዓት በመሀል ከተማ፦ የባሕር ዳርን እንግዳ በስልክ ማቆየት ይቻላል?

ባሕር ዳር የሚመጣ ጎብኚ ቀኑን የት እንደሚያሳልፍ መገመት አያስቸግርም። ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ሆቴሉ በላከለት መኪና ተነሥቶ ሐይቁ ዳር ይገባል። በማግስቱ ማለዳ ጀልባ ተሳፍሮ ዘጌ ይሻገራል፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አይቶ ይመለሳል። ከሰዓት በኋላ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጢስ ዓባይ ደርሶ ይመጣል። ራቱን እዚያው ሆቴሉ ውስጥ ይበላል፤ ሲነጋ ወደ ጎንደር። ዘንባባ የተተከለበትን ሰፊ ጎዳና ያየው በመኪና መስኮት ነው። ጊዮርጊስ አካባቢ ሱቅ የከፈተው፣ ጥግ ላይ ጀበና የጣደችው፣ ባጃጅ ይዞ ተራ የሚጠብቀው ልጅ ከዚህ ሰው እጅ አንድ ብር አላገኙም።

ይህ አካሄድ እንግዳ በሚበዛበት ዘመንም መሀል ከተማውን ሲያደርቀው ኖሯል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኮሮናው፣ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በክልሉ ውስጥ የተነሣው ግጭት ተደራርበው የእንግዳውን ቁጥር ራሱን አወረዱት። ሰላም የሚያመጣውን ቱሪስት ስልክ አያመጣውም፤ ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ አይገባም። ስልክ የሚያግዘው የመጣውን ሰው ነው። ለስብሰባ መጥቶ ከሰዓት በኋላ ነጻ የሆነው ሠራተኛ፣ ለጥምቀት የመጣው ቤተሰብ፣ ወደ ገዳማቱ የሚሻገረው ተሳላሚ፣ ለሠርግ የተጠራው ወጣት፣ አልፎ አልፎም የውጭ ዜጋው። እነዚህን ሰዎች ሦስት ሰዓት ያህል በእግራቸው መሀል ከተማ ማቆየት ከተቻለ ምሳቸውን እዚያ ይበላሉ፣ ቡናቸውን እዚያ ይጠጣሉ፣ ሲደክማቸው ባጃጅ ይይዛሉ። ግቡ ይኸው ነው፤ መንገዱም እንግዳው በእግሩ እየዞረ በየማቆሚያው ትረካውን በስልኩ የሚሰማበት ጉብኝት ነው። ሦስት ሰዓት የሚለውን ቁጥር መያዝ ይበጃል፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚለካው በእሱ ነው።

ኢንተርኔት በሌለበት ቀን

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ሰሞን ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በደህናው ጊዜም መብራት ሲሄድ ኔትወርኩ ይደክማል፤ ዘጌ ጫካ ውስጥ ሲገቡም ይቆራረጣል። ስለዚህ እዚህ የሚሠራ የጉብኝት አገልግሎት ሲነደፍ የመጀመሪያው ጥያቄ «ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን ይቀራል?» የሚል ሊሆን ይገባል። መልሱ «ምንም» ከሆነ ገንዘቡን ለሌላ ማዋል ይሻላል።

ከአፕ መደብር የሚወርድ ትልቅ መተግበሪያ መሥራትም አያዋጣም። ለሦስት ሰዓት የእግር ጉዞ ብሎ 60 ሜጋ ባይት የሚያወርድ ሰው ጥቂት ነው። የሚሻለው አንዴ ሲከፈት ሙሉ ይዘቱን ስልኩ ላይ የሚያስቀምጥ ቀላል ድረ ገጽ ነው። መጠኑን እናስላው። የሰው ንግግር ኦፐስ በሚባለው ድምፅ አማቂ ፎርማት፣ በአንድ ቻናል፣ በሴኮንድ 32 ኪሎ ቢት ሲቀረጽ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ አንዱ ደቂቃ 240 ኪሎ ባይት ገደማ ይወስዳል። 12 ማቆሚያ ያለው መንገድ፣ በየማቆሚያው 90 ሴኮንድ ትረካ ቢኖረው 18 ደቂቃ ነው፤ 4.3 ሜጋ ባይት መሆኑ ነው። በየማቆሚያው 80 ኪሎ ባይት የሆኑ ሁለት ፎቶዎች ሲጨመሩ 2 ሜጋ ባይት የማይሞላ ይጨምራል። ኦፕን ስትሪት ማፕ ከሚባለው ነጻ የኢንተርኔት ካርታ የተወሰደ የመሀል ከተማው ካርታ 1 ሜጋ ባይት ቢይዝ፣ አንዱ ቋንቋ በጠቅላላው ከ8 ሜጋ ባይት አያልፍም። ይህን የሆቴል ዋይፋይ ላይ ሆኖ በአንድ ደቂቃ ማውረድ ይቻላል። ቪዲዮ ከተገባ ግን ሒሳቡ ሁሉ ይፈርሳል።

ይህ አሠራር ሦስት ቦታ ላይ ይበላሻል። አንደኛ፣ ቆየት ያሉ አይፎኖች ኦፐስን አያጫውቱም፤ ለእነሱ ኤምፒ3 ቅጂ ጎን ለጎን መቀመጥ አለበት። ሁለተኛ፣ የአይፎን ብሮውዘር ለሰባት ቀን ያልተከፈተን ገጽ ይዘት ሊያጠፋ ይችላል። ከአዲስ አበባ ሳይነሣ ከሳምንት በፊት ያወረደ ሰው ጊዮርጊስ ደርሶ ባዶ ገጽ ይጠብቀዋል። «ወደ መነሻ ገጽ ጨምር» የሚለውን እንዲነካ መንገር፣ አለዚያም የሆቴሉ ሪሴፕሽን ላይ በዕለቱ እንዲያወርድ ማድረግ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ደግሞ ብዙዎች የሚዘነጉት ነው፤ ሊንኩ የሚላላከው በቴሌግራም ስለሆነ ገጹም ቴሌግራም ውስጥ ይከፈታል፣ እዚያ የተቀመጠውን ደግሞ በኋላ በዋናው ብሮውዘር ሲፈልጉት አይገኝም። ገጹ ቴሌግራም ውስጥ መከፈቱን አውቆ «በብሮውዘር ክፈት» የሚል ትልቅ ቁልፍ ቢያሳይ ችግሩ ይቃለላል። ትረካዎቹን ቴሌግራም ቻናል ላይ በድምፅ ፋይል ማስቀመጥም መጥፎ አይደለም፤ ሰው ለሰው ይላላካቸዋል።

አጭር መልእክት ለመላክ ያሰበ ካለ ደግሞ ፊደላችን ቦታ እንደሚወስድ ይወቅ። በላቲን የተጻፈ አንድ መልእክት 160 ፊደል ሲይዝ በአማርኛ የተጻፈው 70 ብቻ ነው የሚይዘው፤ ከዚያ ካለፈ በ67 በ67 እየተከፈለ ይቆጠራል። ሁለት መቶ ፊደል ያለው ማስታወቂያ ሦስት መልእክት ሆኖ ይከፈልበታል። ስለዚህ «ጀልባ ነገ 1:30 ጠዋት፣ ከጊዮርጊስ በታች። ነፋስ ካለ አይነሣም።» ያህል ከሆነ በቂ ነው።

መንገዱን መምረጥ

መነሻው ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቢሆን ይበጃል። ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ባጃጅ ነጂው አይሳሳትም፣ ግቢው ውስጥም በፔድሮ ፓኤዝ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ግንብ አለ። ከዚያ ወደ ሐይቁ ወርዶ ጀልባ መነሻውን፣ ዓሣ የሚታረድበትንና ይብራ የሚባሉት ትልልቅ የውኃ ወፎች አንጀት የሚጠብቁበትን ዳር፣ የደንገል ታንኳውን ማየት፤ ቀጥሎ በዘንባባው ጎዳና ወጥቶ በ1950ዎቹ ጀርመናዊ ባለሙያዎች ያወጡት መሪ ዕቅድ ከተማዋን እንዴት እንደቀረጻት መስማት፤ ቅዳሜ ከሆነ ወደ ቅዳሜ ገበያ መዝለቅ። የዓባይ ድልድይና የሰማዕታት ሐውልቱ ራቅ ስለሚሉ በባጃጅ የሚደረስ ተጨማሪ ሆነው ይቀመጡ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ 380 ሜትር ርዝመት ያለውን አዲሱን ድልድይ ለማየት የሚሄድ ብዙ ነው፤ ግን መሀል ከተማውን ሳይረግጥ ቀጥታ ወደዚያ እንዳይላክ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በእግር የሚሄደው ክፍል ከ3 ኪሎ ሜትር አይብለጥ። ከ6 እስከ 9 ሰዓት ያለው ፀሐይ ማንንም ያሸንፋል፤ ገጹ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት ይጀምሩ» ብሎ ይምከር። ከሁሉ በፊት ደግሞ ካርታው ላይ መጸዳጃ ቤት ይታይ። እንግዳ ወደ ሆቴሉ ቶሎ የሚመለስበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው፤ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም እንጂ። ሦስት አራት ካፌዎች መጸዳጃቸውን ለእንግዳ ለመክፈት ከተስማሙ፣ ስማቸው ካርታው ላይ መግባቱ ለእነሱም ጥቅም ነው። ገብቶ ውኃ ሳይገዛ የሚወጣ ሰው ብዙ አይገኝም።

ትረካው ላይ የሚሠራው ስሕተት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ የመማሪያ መጽሐፍ ይነበባል። «ጣና ሐይቅ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበ» ሲባል የሰማ ሰው አሥር ሜትር ሳይሄድ ጆሮ ማዳመጫውን ያወልቃል። ታንኳው አጠገብ የቆመ ሰው ሊሰማው የሚገባው እንዲህ ያለ ነው፦ «ከፊትዎ ያለውን ታንኳ ባለቤቱን ያስፈቅዱና ጎኑን በእጅዎ ይጫኑት። ጠንከር ካለ አዲስ ነው። ለስለስ ብሎ ውኃ ካወጣ ደንገሉ መጥጧል፣ ሥራውን ወደ ማብቃቱ ነው። ከሐይቅ የተመለሰ ታንኳ ተጎትቶ ወጥቶ ፀሐይ ላይ የሚቆመው ለዚህ ነው። እንዲያም ሆኖ ጥቂት ወራት ነው የሚያገለግለው፤ ከዚያ እንደገና ደንገል ይታጨዳል።» እጅ የነካውን ጆሮ ሲሰማ ሰው ይቆማል። ትረካውንም ሙያው ያላቸው የነገደ ወይጦ ሰዎች በራሳቸው ድምፅ ቢናገሩት፣ ተከፍሏቸው ቢናገሩት ይገባል። ታንኳቸው በየፖስት ካርዱ ላይ ሲወጣ እነሱ ግን ለረጅም ጊዜ ሲናቁ የኖሩ ናቸው።

ኮዱን የሚያበላሸው ፀሐይና እጅ

በየማቆሚያው የሚለጠፈው፣ በስልክ ካሜራ ሲነበብ ገጹን የሚከፍተው ኪውአር ኮድ ቀላል ሥራ ይመስላል። አብዛኛው ፕሮጀክት የሚወድቀው ግን እዚህ ላይ ነው። መጠኑ የሚወሰነው በርቀት ነው፤ ከ1 ሜትር የሚነበብ ኮድ ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት፣ ዙሪያውንም የአራት ነጥብ (ኮዱ የተሠራበት ትንሽ ካሬ) ስፋት ያህል ነጭ ሕዳግ ይተውለት። የማረሚያ ደረጃው ከፍተኛው ይሁን፤ ከኮዱ እስከ 30 በመቶ የሚደርሰው ቢፋቅ ወይም ጭቃ ቢነካው እንኳ ሊነበብ ይችላል። አድራሻው አጭር ከሆነ፣ ማለትም ከ24 ፊደል ካላለፈ፣ በዚህ ደረጃም ቢሆን ኮዱ 29 በ29 ነጥብ ብቻ ይሆናል፤ ካሜራው ደከም ያለ ስልክ ያነበዋል። ረጅም አድራሻ ነጥቡን ያደቅቀውና አሮጌው ስልክ ይደክምበታል።

የሚያብረቀርቅ ላሚኔሽን አይሆንም፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ስልኩ የሚያየው ነጭ ብልጭታ ብቻ ነው። ደብዛዛ ገጽ ያለው የብረት ወይም የአሉሚኒየም ሰሌዳ፣ በጥላ ሥር፣ ከመሬት 1 ሜትር ከ20 ላይ ይተከል። ቀለሙ ጥቁር በነጭ ይሁን። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፣ ባለቀለም ኅትመት ቶሎ ይነጣል። ከኮዱ ሥር ቁጥር ይጻፍ፤ «7» ተብሎ የተጻፈውን አይቶ ገጹ ላይ 7 የሚነካ ሰው ካሜራ አያስፈልገውም።

ነጻ በሚባሉ የሊንክ ማሳጠሪያ ድርጅቶች መጠቀም ትልቅ አደጋ አለው። ድርጅቱ ዋጋ ሲጠይቅ ወይም ሲዘጋ ብረት ላይ የታተሙት 12 ኮዶች በአንድ ቀን ይሞታሉ። ዶሜይኑ፣ ማለትም የድረ ገጹ መጠሪያ አድራሻ፣ የከተማው ወይም የማኅበሩ የራሱ ይሁን፣ ክፍያውም ለበርካታ ዓመት በቅድሚያ ይከፈል።

የክፍያ ኮድ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ፣ ኤም ፔሳም በ2015 ዓ.ም. ከገባ ወዲህ ጀበና ቡና እንኳ በስልክ ይከፈላል። ኢንተርኔት ሲጠፋ በ*127# ቴሌብር መክፈል መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ሌባው የሚሠራው ሁለት ነገር ነው። በሱቁ ኮድ ላይ የራሱን ኮድ ይለጥፋል፤ ወይም «ከፍያለሁ» ብሎ የተቀናበረ የስክሪን ፎቶ ያሳያል። ለመጀመሪያው ኮዱን ከመስታወት በስተጀርባ ማድረግና ከፋዩ ሚስጥር ቁጥሩን ከማስገባቱ በፊት የተቀባዩን ስም ጮክ ብሎ እንዲያነብ ማስለመድ ይበቃል። ለሁለተኛው ባለሱቁ የሌላውን ሰው ስልክ አይመን፣ የራሱ ስልክ ላይ መልእክቱ እስኪገባ ይጠብቅ። መልእክቱ ሊዘገይ ይችላል፤ ያኔም የራሱን ቀሪ ሒሳብ ማየት ይሻላል እንጂ ከደንበኛው ጋር መካረር አያስፈልግም።

ጀልባውና ሰዓቱ

መሀል ከተማው ጀልባውን መቀናቀን የለበትም። ጀልባው ከሆቴል ግቢ ሳይሆን ከመሀል ከተማው መነሻ ከተነሣ፣ ሄዶ የሚመለሰው ሰው ሁለት ጊዜ በከተማው ውስጥ ያልፋል። ለዚህ ደግሞ ስልክ በእርግጥ ያግዛል፣ ምክንያቱም ዋጋው ብዙ ጊዜ በሰው ሳይሆን በጀልባ ስለሆነ ብቻውን የመጣ ሰው ይጎዳል። ለምሳሌ ጀልባው ደርሶ መልስ 4,000 ብር ቢሆን ብቸኛው መንገደኛ ሙሉውን ይከፍላል፤ ስምንት ሆነው ቢሳፈሩ 500 ነው። «ነገ ጠዋት ወደ ዘጌ፣ ሦስት ሰው አለ፣ አምስት ይቀራል» የሚል ዝርዝር በቴሌግራም ወይም በገጹ ላይ ቢወጣ ደላላ ሳይኖር ሰው ይሟላል። የጀልባ ማኅበራቱ ተራቸው እንደተጠበቀ ከሆነ አይቃወሙም፤ ተራ የሚያዛባ አሠራር ግን በሳምንት ውስጥ ይፈርሳል። ከዋጋው ጋር የተሳፋሪው ልክና የሕይወት ማዳኛ ጃኬቱ ብዛት አብሮ ይጻፍ። የጀልባ ነጂው ስልክ ቁጥር ግን ካልፈቀደ አይውጣ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይህን ይመለከታል።

ሰዓት ላይ የሚደርሰው ስሕተት ቀን ያበላሻል። «በ2 ሰዓት እንነሣለን» የተባለ የውጭ ዜጋ ከቀትር በኋላ ይመጣል፤ በስልኩ ሰዓት የቆጠረ የአገር ልጅም ሊሳሳት ይችላል። ገጹ ሁልጊዜ ሁለቱንም አጠገብ ለአጠገብ ያሳይ፦ ከጠዋቱ 2:00፣ በፈረንጁ 8:00። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ስለሚነሣ ዘግይቶ የመጣው ሰው ጉዞ ይቀራል፣ ገንዘቡ ይቆረጣል፣ ቅሬታው ግን ለሁሉም ይተርፋል።

ገዳማቱ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው፣ ይህም ጀልባው ሳይነሣ መታወቅ አለበት። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ይህ ሳይነገራት ከፍላ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ የባልና የወንድሞቿን መመለስ የምትጠብቅ ሴት እንዳትኖር፣ ገጹ ላይ መድረሻ ሲመረጥ ወዲያውኑ ይጻፍ፤ ለቤተሰብ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና ናርጋ ሥላሴ እንደሚሻሉም አብሮ ይነገር። በጾም ወራት ቅዳሴው ወደ ከሰዓት ስለሚሄድ መቅደሱን ለማየት የሚቻልበት ሰዓት ይለወጣል፤ የየካቲት 16ቱን የኪዳነ ምሕረት በዓልን የመሰሉ ቀኖች በአቆጣጠራችን ካሌንደር ላይ ይታዩ። አንድ ነገር ግን ፈጽሞ አይውጣ፤ የብራናና የንዋየ ቅድሳት ዕቃ ቤቱ የት እንደሆነ የሚያሳይ ፎቶም ሆነ ካርታ።

ጢስ ዓባይም ሐቅ ይፈልጋል። ጢስ ዓባይ ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ በ1993 ዓ.ም.፣ ጣና በለስ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ በበጋ ፏፏቴው የሚወርድለት ውኃ ሊሳሳ ይችላል። በክረምት የተነሣ ፎቶ እያሳዩ በመጋቢት ሰው መላክ ቅያሜ መሸጥ ነው። እዚያ ያለ አስጎብኚ በየጠዋቱ አንድ ፎቶ አንሥቶ ቢልክና ገጹ ላይ ቢወጣ፣ ውኃው ባነሰ ቀን እንግዳው ግማሽ ቀኑን መሀል ከተማ ለማሳለፍ በራሱ ፈቃድ ይወስናል። ከዘመቻ ሁሉ ይህ ያዋጣል።

ስለ ፍለጋም አንድ ቃል። ሰው «ኡራ» ብሎም «ዑራ» ብሎም፣ «ስላሴ» ብሎም «ሥላሴ» ብሎም ይጽፋል። ሀ፣ ሐ፣ ኀን፤ ሰንና ሠን፤ አንና ዐን፤ ጸንና ፀን አንድ አድርጎ የማይፈልግ ገጽ ግማሹን ጠያቂ «አልተገኘም» ብሎ ይሸኛል። ቦታም በአድራሻ ሳይሆን «ከእገሌ ፊት ለፊት» በሚል ስለሚታወቅ፣ የየማቆሚያው መግለጫ ላይ ጎረቤቱ ያለው ታዋቂ ሕንፃ ይጻፍ።

ሠራ ወይስ አልሠራም?

ስንት ሰው አወረደ የሚለው ቁጥር ለሪፖርት ያምራል፤ መሀል ከተማው ግን ከዚያ አይበላም። የሚጠቅሙት ሦስት ቁጥሮች ናቸው። 1ኛውን ኮድ ካነበቡት ውስጥ 6ኛውን ያነበቡት ስንት ናቸው? በመሀል የሚቀንሱበት ማቆሚያ ካለ እዚያ ጥላ የለም፣ ወይም ትረካው ረዝሟል፣ ወይም ሰሌዳው ጠፍቷል። ሁለተኛው፣ ገጹ ላይ የሚታይ ባለአራት አኀዝ ቁጥር ለተስማሙ ካፌዎች ሲነገር አንድ ስኒ ቡና በቅናሽ ቢሰጥ፣ ካፌዎቹ በወር መጨረሻ ደብተራቸውን አይተው ስንት ሰው እንደመጣላቸው ይናገራሉ። ሦስተኛው በእጅ የሚቆጠር ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ በአንድ ዓይነት ቀንና ሰዓት፣ አንድ ሰው ጀልባ መነሻው ላይ፣ ሌላው ጎዳናው ላይ ለሁለት ሰዓት ቆሞ በእግሩ የሚያልፈውን እንግዳ ይቁጠር። ኮዶቹ ከመተከላቸው በፊት ቢያንስ አራት ጊዜ ካልተቆጠረ በኋላ የሚነጻጸርበት ነገር አይኖርም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ በጀቱ ውስጥ አንድ ደመወዝ ይግባ። ዘወትር ሰኞ ጠዋት እርጥብ ጨርቅና አንድ ርካሽ ስልክ ይዞ 12ቱንም ማቆሚያ የሚዞር፣ ሰሌዳውን የሚወለውል፣ ኮዱን የሚያነብ፣ የተለጠፈበትን የሚልጥ፣ የተቀየረውን የጀልባ ዋጋ ለገጹ አዘጋጅ የሚያቀብል ሰው ያስፈልጋል። ሥራው ከግማሽ ቀን አይበልጥም። ለዚህ ሰው ቢያንስ የሁለት ዓመት ክፍያ ካልተያዘ ሰሌዳዎቹ ባይታተሙ ይሻላል።